ከግድግዳው ወዲያ

ሰማኸኝ ሎጊያ ውስጥ የታወቀ የኤሲ ማቀዝቀዣ ገጣሚ ነው። ሰመራ የተጠራበት ቤት የማርቲ መሆኑን ሲሰማ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ አስቦ ነበር። አምና ሽማግሌ ቢልክባት እምቢ ብላው ፍሬምናጦስን አገባች። ግን ከባሏ ጋር እንዴት እንደምትኖር ለማየት ያለው ጉጉት አሸነፈው።

የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ሲበሳ ሰፊውን አልጋና ከበላዩ የተሰቀለውን የሰርግ ፎቶ አየ። ፊቱን ከፎቶው አዞረ።

"ፍሬምናጦስ የለም?" አላት።

"ለሥራ ገዋኔ ሄዷል፤ ነገ ይመጣል።"

በጓሮ በኩል ዞረና የመዳቡን ቱቦ በቀዳዳው ማስገባት ጀመረ።

"ማርቲ፣ ከውስጥ ቀስ አድርገሽ ሳቢልኝ!" ብሎ ተጣራ።

ቱቦው ተሳበ።

"ይዤዋለሁ" አለ የወንድ ድምፅ።

የሰማኸኝ ደም ፈላ። ባሏ በሌለበት ሌላ ወንድ ቤት አስገብታለች ማለት ነው። እሱን ግን ለባልነት እንኳ ንቃዋለች። ይህን እያሰበ ሳለ ማርቲ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝታ ከውጭ መጣች።

"ውስጥ ያለው ማነው?" አላት በቁጣ።

"ማንም የለም! አንተ ወደ ጓሮ ስትዞር ቆልፌ ነው ሱቅ የሄድኩት" ብላ ቁልፉን አሳየችው።

ቱቦው በሰማኸኝ መዳፍ ውስጥ እየተንሸራተተ አሁንም ወደ ቤቱ ይገባል።

"ማርቲዬ፣" አለ ከቀዳዳው የሚመጣው ድምፅ ልክ እንደ ባሏ፣ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ማርቲ ዞር ብላ የሰማኸኝን አፍ አየች። ድምፁ የራሱ የሰማኸኝ ነበር፤ እሱ ግን ከንፈሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም።