መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ

"ስንት ነው ያልከኝ?!"

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዋጋውን ደገመለት...

"በዚህ ገንዘብ እኮ ሌላ መኪና እገዛበታለሁ!"

"አይገዙበትም ጌታዬ። የፍሬኑ ፓምፕ አልቆለታል፣ ቱቦዎቹም ዝገዋል። ያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራት ለጌጥ አልበራም። ዛሬ ይይዝልዎታል... ነገን ግን እኔ አላውቅም።"

"ነጭ ሌባ ሁሉ!" ብሎት መኪናውን አስነስቶ ወጣ።

ይህ ሰው የሰፈሬ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፣ ይሄን ገጽ ይከታተላል።

መነጽር ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲመረምር ይውላል... የራሱ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራውን ግን ማየት አልፈለገም።

ሌላ ጋራዥ ሄደ... ያው ነው።

ሌላም ሞከረ... ያው! እንዲያውም ጨመሩበት።

ሚስቱ ደግሞ አላስቀምጥ አለችው።

"ልጅ ትምህርት ቤት የምናደርስበት መኪና ነው እኮ! ለሰው ሁሉ መነጽር ትሰጣለህ፣ ይሄ አይታይህም?"

"አንቺ ደግሞ ጨጓራዬን አትላጪው! ሁሉም ሌቦች ናቸው አልኩሽ!"

እውነቱን ለመናገር ብስጭቱ ይገባኛል። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ በዚያ ላይ መኪና ተበላሽቶ ሲያናድድህ... ግን ሁሉም ጋራዥ አንድ ዓይነት ነገር ሲነግርህ፣ ሁሉም ተጠራርተው ሊዘርፉህ ነው እንዴ?!

በመጨረሻ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ሄደ።

"መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ።"

"ፍሬኑስ?"

"ስለ ፍሬኑ ማን ጠየቀህ?"

"እሺ ጋሼ... እሱማ እዳው ገብስ ነው!"

ዳሽቦርዱን ፈታ፣ አንዲት ትንሽ አምፖል ነቀለ፣ መልሶ ገጠመ። አለቀ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ "መብራቱስ?" አለችው።

"ጠፋ።"

"ተመስገን!" አለች ምስኪን። ተሠርቶ የጠፋ መስሏት።

ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ... ቁልቁለት ባየ ቁጥር ዞሮ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ስለዚህ "በተሻለ ልቀይራት ነው" ብሎ ለሽያጭ አወጣት።

ጢማቸው የሸበተ አንድ ጡረተኛ መጡ። ዞረው አይዋት፣ ነዷት፣ ወደዷት።

"ልጄ፣ ያለኝን ጥሪት ነው የማወጣባት። ሥራ ልሠራባት ነው። የተደበቀ ነገር የላትም አይደል?"

ምን ሥራ ብሎ እንኳን አልጠየቀም።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው አባቴ! ዳሽቦርዱን ይዩት... አንድ መብራት አይበራም!"

መነጽር ሻጩ በዓይኑ ማለ እኮ... ጉድ በሉ!

ሽማግሌው ቁልፉን ተቀብለው መረቁት። "ልጅህን ያሳድግልህ።"

"አሜን" አለ። አፉን ሞልቶ አሜን!

አሁን ሌላ መኪና እስኪገዛ ልጅቷን ማን ያድርሳት? ሚስቱ የተማሪ ሰርቪስ ፈልጋ አገኘች።

"እናቶች ሁሉ የሚያመሰግኗቸው ሰው ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት" አለችው።

እሱ ስልኩን እየነካካ "ጥሩ" አለ።

ሰኞ ጠዋት ከበሩ ውጭ ክላክስ ጮኸ።

ጥርሱን እየቦረሸ ነበር... ያንን ጉንፋን የያዘው የሚመስል ክላክስ ያውቀዋል!

ብሩሹን እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

"አባዬ! የኛ መኪና መጣች!"

ልጁ ከኋላ ገብታ ቁጭ ብላለች። አጠገቧ የጎረቤት ልጆች ቦርሳቸውን አቅፈው ተደርድረዋል።

ሽማግሌው ሲያዩት ፊታቸው በደስታ በራ። "እንዴ! ያንተ ልጅ ናት እንዴ? አየህ ልጄ፣ እጅህ በረከት አለው። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ሥራ በሥራ ሆንኩልህ!"

ምን ያደረገ ይመስላችኋል?

በሩን ከፍቶ ልጁን ጎትቶ አወረዳት።

"ዛሬ... አሟታል። አትሄድም።"

"አላመመኝም አባዬ!"

"ዝም በይ አልኩሽ!"

ሽማግሌው "እግዜር ይማራት" ብለው ማርሽ አስገቡ። ሌሎቹን ልጆች ይዘው ወደ ቁልቁለቱ ሊወርዱ ነው... እሱ ቆሞ ያያል!

እስካሁን ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። አምፖሉን ማስነቀሉንስ በንዴት ነው እንበል። መሐላውንም ተዉት። የራሱን ልጅ አውርዶ በሩን በሌሎቹ ላይ መልሶ መዝጋቱ ግን...!

ሚስቱ ደጃፉ ላይ ነበረች። አየችው። የጥርስ ሳሙና አረፋ አፉን ሞልቶት፣ ፊቱ አመድ መስሎ... ፍሬኑ እንዳልተሠራ ወዲያው ገባት።

በነጠላ ጫማ ሮጣ መኪናዋ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት! ልጆች፣ ውረዱ!"

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ንገራቸው።"

አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። ጋራዦቹን፣ አምፖሉን፣ ሁሉንም።

ሽማግሌው አልተሳደቡም። ወርደው መንገድ ዳር የቆሙትን ልጆች አንድ በአንድ አዩና ጠየቁት።

"ልጄ... ያንተን አወረድክ። እነዚህስ የማን ናቸው?"



መኪናዋ ተጎትታ የት ሄደች መሰላችሁ? "ነጭ ሌባ" ወዳለው መካኒክ! ያንኑ ዋጋ ሰውዬው ራሱ ከፈለ። መካኒኩ ፓምፑን ፈቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ እስከ ቁልቁለቱ ግርጌ አያደርስም ነበር" አለ።

ወገኖቼ... ችግሩን ሳትፈታ መብራቱን ብታጠፋ፣ አደጋውን ለሌላ ሰው አቀበልከው እንጂ አላጠፋኸውም። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ።

እኔን ግን የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ አለ...

ያቺ መኪና የዚያን ጠዋት የሌላ ሰው በር ላይ ብትቆም ኖሮ፣ ይህ ሰው ይናገር ነበር? እናንተ ብትሆኑስ? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

አንተም እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ... መልስ።