ለጓንት የማይለካ ጣት

«እስቲ እጅሽን ወዲህ በይ፣ ለብርዱ ጓንት ልስፋልሽ» አላት ጓንት ሰፊው፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ሴት ልጁ እጇን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችለት። ለወጉ ያህል የመዳፏን ዙሪያ በሜትር ለካ፤ ከዚያ አመልካች ጣቷን፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቷን። የቀለበት ጣቷ በለጠ። ሜትሩ የዋሸው መስሎት ደገመው። አሁንም በለጠ።

ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች የወንድ ሆርሞን የበዛባት ሴት የቀለበት ጣቷ እንደሚረዝም፣ ምናልባትም ልቧ ወደ ሴት እንደሚያደላ ሰሞኑን ጠረጴዛው ላይ ያገኘው ጋዜጣ ጽፏል። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል እሱ ዘሏታል። ያቺ ከልጁ ጎን የማትጠፋው ጓደኛዋ ከመጣች ወዲህ ጥርጣሬ ሆዱን ሲበላው ከርሟል።

«አባዬ» አለችው እጇን ሳታነሳ፣ «እኔ እኮ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግኩት። ለጓንት የምትለካው መዳፍና የመሃል ጣት ብቻ ነው።»

ሜትሩ ከእጁ አመለጠው።

«ጋዜጣውን መቀስህ ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በአፌ መናገር ቢያቅተኝ ነው።» ሜትሩን ከወለሉ አንስታ መልሳ አስጨበጠችው። «በል አሁን፣ ጓንቱን በልኬ ስፋልኝ።»