የታናሽ ወንድም ሾርባ

ዶክተሩ የአናጢውን ዕድሜ፣ የደም ግፊቱንና የምርመራ ውጤቱን ኮምፒውተሩ ላይ ሞላና ወደ አናጢው ሚስት፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ፣ ዞረ።

«ቤት ውስጥ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም! መድኃኒት የሚባል ነገር አጠገቡ ደርሶ አያውቅም» አለች ልብስ ሰፊዋ በኩራት።

የልብ ቀዶ ጥገና አንዳንዴ ኩላሊትንም ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ግን አስልቶ የአናጢው ስጋት ዝቅተኛ ነው አለ።

«እንግዲህ ኩላሊታቸው አያሳስበኝም» አለ ዶክተሩ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። አናጢው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣ ሚስቱ ከነቦርሳዋ አልጋው ሥር ከተመች። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ እንጨት ላይ ሲንበረከክ የኖረ ጉልበቱ ሲጠዘጥዘው የለመደውን ሰጥታ ታሸዋለች። ነርሶቹን እንኳ አታምንም። ባሏን በሰው እጅ ጥላ የምትተኛ ሴት አይደለችም።

በዚያው ቀን የባሏ ታናሽ ወንድም ፔርሙዝ ሙሉ ሾርባ ይዞ ከተፍ አለ። በአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት የተነሳ ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል። ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው፤ አንተን ግን እናውቅሃለን፣ አለች በሆዷ። ሾርባውን ግን ባሏ ጠጣው።

በማግስቱ ሽንቱ ቀነሰ። ከዚያ እግሩ አበጠ፣ ፊቱ ተነፋ። ዶክተሩ የደም ውጤቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የነገርነውን ብቻ ነው። ያልነገርነው ነገር ይኖር ይሆን?»

ሰፊዋ ወንድምየውን አየችው። እሱ አቀርቅሯል።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩን ይዞ ሲያንሾካሹክ ደረሰችበት።

«እንዲህ ያለ በሽተኛ ኩላሊቱን የሚገድልበት ምንድነው ዶክተር?»

«ብዙ ነገር። ከሱቅ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ክኒን እንኳ ይበቃል።»

«ጥቂትም ብትሆን?»

«ጥቂትም ብትሆን።»

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! ተመልሳ የዕለቱን ሾርባ ሽንት ቤት ደፋችው። ከዚያ ወዲህ የሚያመጣውን ሁሉ ደፋች።

አናጢው ግን አልተሻለውም። እንዲያውም ባሰበት፤ ሲናገር ቃላቱ ይደናቀፉ ጀመር።

«እስከ ነገ ኩላሊታቸው ካልተመለሰ የእጥበት ማሽን ላይ እናደርጋቸዋለን» አለ ዶክተሩ። «ልባቸው መቻሉን እንጃ።»

ሰፊዋ ፊቷን ልትታጠብ ወጥታ፣ እያለቀሰች ተመለሰች። ወንድምየው አልጋው ሥር ተንበርክኮ ቦርሳዋን ይበረብራል። እጅ ከፍንጅ!

«ምን ጠፍቶህ ነው ቦርሳዬ ውስጥ?»

«እትዬ፣ በሞቴ አንዴ ስሚኝ፤ እኔ የፈራሁት…»

«ሌባ!» አለ የጎረቤት አልጋ በሽተኛ ከትራሱ ቀና ብሎ።

«ሌባስ በስንት ጣዕሙ! ወንድሙን የሚበላ ነው እንጂ!» ጩኸቷ ዶክተሩን ከነጥበቃው አመጣ። «ክኒን እየፈጨ በሾርባ ያጠጣዋል! ሲጠይቅዎት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ዶክተሩ የኮሪደሩ ጥያቄ ትዝ አለውና ፊቱ ተለወጠ። ጥበቃው ወንድምየውን ብብቱን ይዞ አወጣው። ሰውየው እስከ ደረጃው ድረስ ወደ ኋላ እየዞረ ለመነ፤ ማንም አልሰማውም። ሁለተኛ በዚህ በር እንዳያልፍ ተባለ።

ሰፊዋ ስንት ቀን የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ደስ አላት፤ ባሏን ከሞት አፍ እንደነጠቀች ተሰማት።

«ሄደልህ፣ ጌታዬ» አለች ግንባሩን እየሳመች። «ከእንግዲህ ከእኔ እጅ በቀር የማንም እጅ አይነካህም።»

አናጢው ዐይኑን ሳይገልጥ ጉልበቱን ዳሰሰ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለችና ከሰፈሩ ሱቅ የገዛቻቸውን የጉልበት ክኒኖች ከቦርሳዋ አውጥታ፣ እንደ ልማዷ ሁለቱን ምላሱ ላይ አኖረችለት።