ለጎሽ የሚሆን መነጽር

ሽማግሌው አዳኝ የጠመንጃ መነጽር ሊመርጡ ከውብእሸት ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመዋል። ጭጋግ ውስጥ ተኩሰው አንድ ጎሽ ከጣሉ ወዲህ አናታቸው ቅቤ ተቀብቷል፣ በየሠርጉም ይፎክራሉ። ዘንድሮ ሁለተኛ ሊደግሙ አስበዋል፤ ዓይናቸው ግን ከድሮም ደካማ ነው።

የመጀመሪያውን መነጽር ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤታቸው አነጣጠሩት። ከበሩ በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለው የጎሹ ቀንድ ተምታታባቸው።

“ይሄ ለድርጭት ነው። ጠንከር ያለ አምጣ።”

ውብእሸት ሌላ እያወረደ ጨዋታ ያዘ። “ጋሼ፣ እርስዎ ያን ጎሽ በጣሉ ሰሞን እኮ የእኛ ቦራ በሬ ጠፋ። ተዋጊ ስለነበር አባባ የግራ ቀንዱን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦት ነበር። ጅብ ሳይበላው አይቀርም። ምስኪን አባባ፣ የተጽናናው እርስዎ በላኩለት የጎሽ ሥጋ ነው።”

“ጅብ ምን ይሳነዋል” አሉ አዳኙ።

“ይኸው፣ ይሄኛው የቆዳውን መዥገር ሳይቀር ያሳያል።”

አዳኙ እንደገና ወደ ቤታቸው አነጣጠሩ። ቀንዱ አፍንጫቸው ሥር መጣ። የግራው ጫፍ የለውም፤ በመጋዝ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

“እንዴት ነው? እስኪ እኔም ልየው” ብሎ ውብእሸት እጁን ዘረጋ።

አዳኙ መነጽሩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙት።

“ከዚህ ደከም ያለ የለህም?”