ዝቅ ያለችው ፒካፕ

ጎሚስታው አሮጌዋን ሰማያዊ ፒካፕ ገና ደጁ ላይ ስትቆም ናቃት። ባሌስትራዋ ተቀንሶ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለውን ቅብጠት የሀብታም ልጆች ሲያደርጉት ያውቃል፤ ከጋቢናዋ ተጣብበው የወረዱት ግን አራት ሽማግሌዎች ናቸው። ታናሻቸው ሰባን አልፏል። «ሽማግሌ ሲቀብጥ ደግሞ አይጣል ነው» አለ በሆዱ።

«ባለ አሥራ አምስት ኢንቹን ቸርኬ አውጥተህ ባለ አሥራ ሦስት ግጠምልን። ጎማውም ቀጭን ይሁን» አሉት ሾፌሩ አቶ ቢያድግልኝ።

«አባባ፣ ይቺ እኮ የጭነት መኪና ናት! በዚያ ጎማ ምን ሊጭኑባት ነው? ወይስ ኮረዳ ሊያዞሩባት አስበዋል?»

«የምንጭነው ብዙም አይከብድም» አሉት ሳይቆጡ።

እያሽሟጠጠ ገጠመላቸው። ክሪኩን እንዳወረደ አቶ ቢያድግልኝ ሜትር አወጡና ከመሬት እስከ መጫኛው፣ ከዚያም ከመሬት እስከ ገዛ ወገባቸው ለኩ። ጎሚስታው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የጎማ ልክ በወገብ ሲለካ አይቶ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ከመጫኛው ላይ አንድ ባዶ የእድር ቃሬዛ አወረዱ። አራቱም በየማዕዘኑ ያዙና እያቃሰቱ አንስተው መልሰው ጫኑት።

«ተመስገን፣ ቻልነው!» አሉ አንደኛው ላባቸውን እየጠረጉ። «ሰፈሩ ፈርሶ ጎረምሳው ከተበተነ ወዲህ ተሸካሚው እኛው ነን።»

አቶ ቢያድግልኝ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁንማ አራት ሆነን ነው። የእኔ ቀን ሲደርስ ሦስት ናችሁ።» ወደ ጎሚስታው ዞሩ። «ልጄ፣ ከዚህ ያነሰ ጎማ የለህም?»