መርዶ ወደ ወንጪ

መኪናው ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሙሄዲን ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፈ፤ ኮፈኑን ከፍቶ እስኪበርድ ጠበቀ። ኦቦ ዳዲ ከጋቢናው አልወረዱም። ከሰበታ ከተነሡ ጀምሮ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ጸሎት ነው ኦቦ ዳዲ?»

«አይ። ነገ የምናገረውን እየደገምኩ ነው።»

ሙሄዲን ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ።

ጊዜው የኮንጎ ዘመቻ ጊዜ ነው። የኦቦ ዳዲ ልጅ ጃራና የእህታቸው የወርቅቱ ልጅ ቀጄላ በአንድ ቀን ወታደር ቤት ገብተው፣ በአንድ ሻምበል ዘመቱ። ኦቦ ዳዲ ፊደል አልቆጠሩም። የልጆቹ ደብዳቤ የሚመጣው በሙሄዲን ሱቅ ነው፤ የሚያነብላቸውም እሱ ነው።

ባለፈው ሰኞ ቴሌግራም መጣ። ኦቦ ዳዲ ቁርስ ሳይቀምሱ ወጥተው፣ ብቻቸውን ባንኮኒውን ተደግፈው ቆመዋል። ሙሄዲን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ቀና ብሎ አያቸው።

«ቀጄላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የእህትዎ ልጅ። ዐረፈ።»

«ጃራስ?»

«ወረቀቱ የሚያወራው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ተመስገን» አሉ ኦቦ ዳዲ።

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አፈሩ። የእህት ልጅ ሞቶ ተመስገን ይባላል? ያን ሳምንት እህል አልዋጥ አላቸው።

መርዶ እንዲሁ ተወርውሮ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል። ሐዘንተኛው ሳያውቅ በልቶ ጠጥቶ ያድራል። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ፣ ተቀምጦ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይነገረዋል። ወርቅቱና ባሏ ኦቦ ሞቱማ የሚኖሩት ከወንጪ ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው። ሙሄዲን መላ ዘየደ፤ ቅዳሜ ለማረፍ መጣን ብለን እንውላለን፣ እሑድ ንጋት ላይ ይነገራል አለ።

«ማን ይናገር?» አሉ ኦቦ ዳዲ።

«እርስዎ ነዎታ። ታላቅ ወንድሟ አይደሉም?»

«እኔ ሰው ፊት ሦስት ቃል ተናግሬ አላውቅም እኮ።»

ሙሄዲን ዝም አለ። ኦቦ ዳዲም ዝምታውን እንደ ትእዛዝ ቆጠሩት።

ወንጪ ሲደርሱ ሐይቁ ከገደሉ ሥር ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ኦቦ ሞቱማ ደጅ ቆመው ነበር። ኦቦ ዳዲን አቅፈው ብዙ ቆዩ።

«አካም ጅርታ ዳዲ! ሰበታ ውሃ አልቆ የኛን ልትጠጣ መጣህ?»

«ለማረፍ ነው። አጥንቴን ነው የሚያመኝ» አሉ ኦቦ ዳዲ። ውሸት አያውቁበትም፤ አንገታቸውን ደፉ።

ቤቱ ሰው ነበረበት። የአጎታቸው ልጆች፣ መገርሳ ከተፍኪ፣ ተረፈች ከመናገሻ መጥተዋል። ሙሄዲን ወደ ኦቦ ዳዲ ጆሮ ጠጋ ብሎ «እኔ ነኝ የላክሁባቸው፤ ዘመድ እንዲኖር» አላቸው። ኦቦ ዳዲ በሆዳቸው መረቁት።

ቀኑን ሐይቁ ላይ ዋሉ። ኦቦ ዳዲ ዋና አያውቁም። የታንኳውን ጠርዝ ጨብጠው ተቀመጡ።

«ልቀቀው እንጂ!» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «የሙሽራ እጅ አስመሰልከው።»

«ለሙሽራዪቱማ እንዲህ አልጨነቀውም ነበር» አለ መገርሳ።

ኦቦ ዳዲ ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ተቆረጠ። ነገ ይህን ጊዜ ይህ ሰው መሬት ላይ ይንከባለላል ብለው አሰቡ። ኦቦ ሞቱማ ፊታቸውን አዙረው ከሐይቁ ውሃ ዘገኑ፤ ዓይናቸውን ታጠቡ።

ሲመለሱ በግ ታርዷል። ለሙሄዲን ለብቻው ቆጮና ማር ቀረበለት። ወርቅቱ ከወንድሟ ፊት አልተነሣችም፤ ምርጥ ምርጡን እየቆረጠች ታጎርሳቸዋለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይቺን ብቻ።»

«ጠገብኩ እኮ። አንቺስ አትበዪም?»

«ጥርሴን አሞኛል።»

ድምጿ ሻክሯል። ጉንፋን ነው አለች። ሌላ ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ሁለቱ ልጆች ነበር፤ ዛሬ ስማቸውን አላነሣችም። የእናት ሆድ ያውቃል ይባላል። ኦቦ ዳዲ ይህን አስበው ዓይኗን ማየት ፈሩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሄዲንን ወደ አጥሩ ጠሩት።

«ከነገ ወዲያ ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው? የኔ ልጅ ይመለሳል፤ የነሱ አይመለስም። ጃራን ባዩት ቁጥር ልጃቸው አይታወሳቸውም? እህቴንም ላጣት ነው።»

«አያጧትም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

ሙሄዲን ቆቡን አውልቆ በእጁ አሸው። «ይተኙ ኦቦ ዳዲ። ዛሬን ይተኙ» አለ።

ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ዘመዱ ሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ተቀምጧል። አንድ በርጩማ ብቻ ባዶ ነው። ኦቦ ዳዲ ተቀመጡበት። መገርሳ በቀኛቸው፣ ሙሄዲን በግራቸው ተጠጋ። መርዶ ሲነገር የሚደግፍ ሰው የሚቀመጠው ከሐዘንተኛው ጎን ነው። ቦታ የተሳሳቱ መሰላቸውና «ወደ ሞቱማ ሂዱ» ሲሉ በአገጫቸው ጠቆሙ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሞቱማ» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ የደገሙትን ቃል ጀመሩ። «ሰጪውም ነሺውም አንድ ነው። ልጅህ፣ ቀጄላ…»

ኦቦ ሞቱማ መጥተው ፊታቸው ተንበረከኩ። ሁለት እጃቸውን ያዟቸው።

«ዳዲ ወንድሜ፣ ቀጄላ ደህና ነው።»