ደጃፉ የተላጨ ቤት

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሰው መግደል ከጀመረ ወዲህ፣ ማሞቂያ የሚለቀቀው የደጃፍ ሣሩ ለለመለመ ቤት ብቻ ነው፤ ከተማዋ ለጎብኚ ማማር አለባትና። ትርንጎ ክረምቱን በሙሉ ሣሯን ስትንከባከብ ከርማ፣ ለኅዳር ብርድ የምታለብሰውን ጭድ ተሸክማ ስትመለስ ግቢው ተላጭቶ ጠበቃት። አባቷ አቶ ጥላዬ ለሚካኤል ዝክር ብለው ሣሩን አጭደው ሳሎን ጎዝጉዘውታል።

«አባባ፣ ምን ጉድ ሠሩ?»

«እንግዳ በባዶ ወለል ይግባ እንዴ?» አሉ ማጭዳቸውን እየጠረጉ።

የመጀመሪያው እንግዳ የማሞቂያ ተቆጣጣሪው ደምሰው ሆነ።

«ግባ ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ጉዝጓዙ ያምራል፤ ማን አጨደው?»

«እኔ ነኛ! ሰማንያን ባልፍም እጄ አልሰነፈም» ብለው ጠላ ሊቀዱ ዞሩ።

ደምሰው ወደ ትርንጎ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። ወይ የቤቱን ማሞቂያ በሙሉ፣ ወይ ያጨደውን ሰው ክፍል ብቻ እዘጋለሁ። ምረጪ።»

ትርንጎ ብዙ አላሰበችም። «የእሳቸው ክፍል በጓሮ በኩል ያለችው ናት» አለች።

ደምሰው ሊወጣ ሲል አቶ ጥላዬ ጣሳውን ይዘው ደረሱበት።

«ሳትቀምስማ አትሄዳትም! ቁጭ በል እንጂ፣ ቆሞ ይጠጣል እንዴ?»

ተቀመጠ። ጠላውን ጨልጦ፣ አመስግኖ፣ ወደ ጓሮ ሄደ።